በሽተኛው ከመሰናበቱ በፊት ክንዱ ይታይ

በሽተኛ ተሽሎት ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ለቤተ ሰቡ ሁሉ የደስታ ቀን ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን ጥድፊያ አንዲት ትንሽ ዕቃ ትዘነጋለች፤ እርስዋም ግሉኮስና መድኃኒት እንዲገባባት በደም ሥር ውስጥ የተተከለችው ካኑላ ናት።

አንድ ሽማግሌ ከሆስፒታል በወጡ በአራተኛው ቀን ክንዳቸው ቀልቶና አብጦ፥ ትኩሳትም ይዞአቸው ወደ እኛ መጡ። እጅጌአቸውን ሰብስበን ብናይ ካኑላዋ በፕላስተር እንደ ታሸገች ነበረች። «ስለ ምን አውጡልኝ አላሉም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ሥራ የበዛበትን ሰው ማስቸገር አፍሬ ነው» ሲሉ መለሱልን።

ብዙ ሰዎች በክንድ ውስጥ የሚቀረው መርፌ ይመስላቸዋል። መርፌው ግን መንገዱን ከፍቶ ወዲያው ይወጣል፤ የሚቀረው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ይህ ቱቦ ከቆዳ እስከ ደም የሚያደርስ ክፍት በር ስለ ሆነ፥ በቆዳችን ላይ የሚኖሩ ጀርሞች በእርሱ ገብተው ደምን ሊመርዙ፥ ከበረታም ለሞት ሊያደርሱ ይችላሉ።

አወጣጡ ከባድ ባይሆንም ሥርዓት አለው። ነርሷ እጅዋን ታጥባ ጓንት ታጠልቃለች፤ የሚወርደውን መድኃኒት ትዘጋለች፤ ፕላስተሩን በቀስታ ትልጣለች እንጂ በመቀስ አትቆርጥም፤ መቀስ ቱቦውን በጥሶ ስባሪውን በደም ሥር ውስጥ ሊያስቀር ይችላልና። ከዚያም ቱቦውን ቀጥ አድርጋ በዝግታ ስባ፥ ወዲያው በንጹሕ ጎዝ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ አጥብቃ ትጫናለች፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጊዜው ይረዝማል። በመጨረሻም የቱቦው ጫፍ ሙሉ መሆኑን ታረጋግጣለች፤ የወጣበትንም ቀንና ሰዓት ትመዘግባለች።

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው፤ የመሰናበቻው ወረቀት ከመሰጠቱ በፊት የበሽተኛው ሁለቱም ክንዶች ይታዩ። ባልደረቦቻችን ሥራ እንደ በዛባቸው እናውቃለን። ሆኖም የጥቂት ደቂቃ ሥራ ቢታለፍ፥ ያው በሽተኛ ተመልሶ ለብዙ ቀን አልጋ ይይዛል። «ለነገው መርፌ ትጠቅማለች» ተብላ የምትተውም አለች፤ ሐኪሙ ራሱ ካላዘዘና የሚከታተላት ባለሙያ ከሌለ በቀር ይህ ልማድ ሊቀር ይገባዋል።

አስታማሚም ሳያፍር ይጠይቅ፤ በዚህ ይሉኝታ አያስፈልግም። ካኑላዋ ተረስታ ቤት ከተደረሰ፥ በቤት ከመንቀል ይልቅ ቶሎ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል። ከወጣችም በኋላ ባሉት ቀናት ስፍራው ቢቀላ፥ ቢያብጥ፥ መግል ቢይዝ ወይም ትኩሳት ቢመጣ ሳይዘገዩ መመለስ ነው።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልን። አያቱን ከሆስፒታል ሊቀበል የሚሄድ ልጅ «እስቲ ክንድዎን ልይ» ቢል አንድ ነፍስ ሊያድን ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።