የበዓል መዋያውና የባንኮቻችን አደራ

እነሆ ሃምሳ አምስቱን ቀን በጾምና በስግደት ፈጽመን ለብርሃነ ትንሣኤው ደርሰናል። በየቤቱ የዶሮው፣ የቅቤውና የእንቁላሉ ሒሳብ በሚደመርበት በዚህ ሰሞን፣ ከተማ ያለው ልጅ ገጠር ላሉት እናቱ የበዓል መዋያ መላኩ አይቀርም። ቀድሞ ገንዘቡ በመንገደኛ መቀነት ተቋጥሮ ይደርስ ነበር፤ ዛሬ በእጅ ስልክ በደቂቃ ይገባል። በረከት መሆኑን አንክድም።

ይሁን እንጂ አደራው የዚያኑ ያህል ከብዷል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለ7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰው ይታወሳል። በሲስተም ብልሽት ምክንያት ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ፤ ብዙዎቹም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ እንደገለጸው የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነው። ዕለቱ ዓርብ፣ ጊዜውም የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት፣ ዘወረደ እንደነበረ ስናስታውስ እናፍራለን፤ ከሥጋና ከወተት የተከለከለ እጅ የሰው ገንዘብ ዘገነ። አብዛኛው ተመልሷል። ዘኬዎስ አራት እጥፍ ሊመልስ ፈቅዶ ነበር፤ ከመካከላችን ግን ያንኑ ለመመለስ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በባንክ ደጃፍ እስኪለጠፍ የጠበቁ ነበሩ።

ተወቃሹ ግን ወሳጁ ብቻ አይደለም። የገብር ኄር ወንጌል በየዓመቱ ሲነበብ ሒሳብ የሚጠየቀው መክሊቱን የተቀበለው ነው፤ ባንክም የሕዝብ መክሊት ተቀባይ ነው። ማኅበራዊ ኃላፊነት ሲባል ባንኮቻችን በበዓል ዋዜማ ለአረጋውያን በግና ዘይት ማበርከትን ያስባሉ። መልካም ነው፤ ካሜራው ባይቀድም ደግሞ የተሻለ ነበር። እኛ የምንለው ይህ ከትርፍ የሚቆረስ ምጽዋት ነው፤ ኃላፊነት ግን ከሥራው ውስጥ ይጀምራል። ማንበብ የማይችሉ እናት ጡረታቸውን ለመቀበል የምሥጢር ቁጥራቸውን ለማያውቁት ሰው የሚነግሩ ከሆነ፣ በዋዜማው ኔትወርክ ተቋርጦ በጉን የሸጠው ገበሬ «ገባ፣ አልገባ» ሲል ከመሸበት፣ ተሳስቶ ወደ ሌላ ሰው ሒሳብ የሄደ ገንዘብ አቤቱታው ሳምንታት የሚፈጅ ከሆነ፣ የዓመቱ ትርፍ አኀዝ ቢያምርም የባንኩ ሥራ ጎዶሎ ነው። ተቀማጭ የሚመጣው በመታመን ነውና። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ለውጭ ባንኮች በር ስለከፈተ፣ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ነገ የሚሄድበት አያጣም።

ስለዚህ ለመጪው በዓል ከበጉ ዋጋ ጥቂት ተቀንሶ፣ በየቅርንጫፉ አረጋውያንን በስልክ መገልገል የሚያስለምድ አንድ ትዕግሥተኛ ወጣት ቢቀመጥ እንወዳለን። እስከዚያው ድረስ ልጆች ጾሙ ከተፈታ በኋላ ከእናቶቻቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ያሳዩአቸው።