የእማዬ የሽንኩርት ዘር



ሰሞኑን በዚህ አምድ ላይ ስለ ፖለቲካችን ስንጨቃጨቅ ስለከረምን፣ ዛሬ ለእናንተም ለእኔም ዕረፍት እንዲሆነን ስለ ሽንኩርት ላጫውታችሁ ተነስቻለሁ። «ሽንኩርት ደግሞ ምን ጨዋታ አለው?» የሚል ካለ ዶሮ ወጥ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ። ዶሮዋ እኮ የምትመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ዋናው ነገር ቁሌቱ ነው።

እኔ የምኖረው በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ በሴይንት ፖል ከተማ ነው። የካቲት ቢገባም ደጃችን ገና በበረዶ እንደተሸፈነ ነው። ምድር ቤቴ ውስጥ ግን ሽንኩርት ለመዝራት ሽር ጉድ እያልኩ ነው። እዚህ የደረስኩት በቀላሉ አይደለምና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

በ1998 ዓ.ም. እሠራበት የነበረው ጋዜጣ ተዘግቶ፣ እኔም በትምህርት ሰበብ ከአገር ስወጣ፣ እናቴ በመሐረብ ጫፍ የሽንኩርት ዘር ቋጥራ ሰጠችኝ። መቂ አካባቢ ከሚያርስ ዘመዷ ያገኘችው፣ ጥቁር አዝሙድ የሚመስል ዘር ነበር። «እዚያ የሚሸጠው ሽንኩርት ውኃ ነው ይላሉ፤ የራስህን ዝራ» አለችኝ። ዘር በሻንጣ ይዞ አሜሪካ መግባት ፈቃድ ወይም የጤና ምስክር ወረቀት እንደሚጠይቅ ያኔ አላወቅሁም፤ እናንተ ግን ሰምታችኋልና እንዳትሞክሩት።

ዘሩን አልዘራሁትም። ለምን ቢሉ፣ በሚመጣው ዓመት አገሬ እገባለሁ ብዬ ነዋ! መጀመሪያ «ማስተርሴን ልጨርስ» አልኩ። ቀጥሎ «ምርጫው ይለፍ» አልኩ። በ2010 ዓ.ም. ለውጥ መጣ ሲባል ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩ፤ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መልሼ ሰቀልኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ደህና ሶፋ እንኳን አልገዛሁም፤ «ትቼው ለምሄደው» እያልኩ። የእናቴ መሐረብ አራት ቤት ሲቀያየር ከመሳቢያ ወደ መሳቢያ ተዘዋወረ። ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ በየመሳቢያችሁ ምን እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ።

እናቴ በየዓመቱ በስልክ ትጠይቀኛለች። «ሽንኩርቱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው እማዬ፤ ጥሩ ይዟል።»

ጋዜጠኛ ሳለሁ አለቃም ካድሬም ያላስዋሸኝን ሰው፣ ሽንኩርት ለዓመታት አስዋሸኝ።

በ2014 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ጓሮ ያላት ቤት ገዛን። መሐረቡን ፈትቼ ዘሩን በሣጥን አፈር ላይ በተንኩት። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። አንዲት ቅጠል እንኳን ብቅ አላለችም። ጉዳዩን ሳጣራ፣ የሽንኩርት ዘር ዕድሜው በጣም አጭር ኖሯል። ባቄላና ቲማቲም በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ፤ የሽንኩርት ዘር ግን እንዲሁ በቤት ከተቀመጠ ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛው ይሞታል። እኔ ያስቀመጥኩት ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመት ነው።

ለእናቴ ደወልኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ። ዝም አለች። ቀጥላ ሳቀች።

«ልጄ፣ እኔ እንድትዘራው ሰጠሁህ እንጂ እንድታስቀምጠው መች ሰጠሁህ?» አለችኝ።

እኔ አብሬያት አልሳቅሁም። ሰውየው የሽንኩርት ዘር ብቻ እንዳላስቀመጠ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ከሱቅ ዘር ገዛሁ። መቼስ ፊደል የቆጠረ ሰው ሲሳሳት በዕቅድ ነው! ግንቦት ላይ፣ ሙቀቱ ሲመጣ፣ በቀጥታ ጓሮ ውስጥ ዘራሁት። ነሐሴ ላይ የነቀልኩት ብይ የሚያካክል ሽንኩርት ነው። በሁለተኛው ዓመት ከቴክሳስ የመጣ፣ የበቀለ ችግኝ ገዝቼ በሚያዝያ ተከልኩ። ቶሎ ራስ ቋጠረልኝና ደስ አለኝ፤ ግን ከዋልነት አላለፈም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሽንኩርት ራስ መቋጠር የሚጀምረው በዋናነት የቀኑን ርዝመት ቆጥሮ ነው። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ሴይንት ፖል ላይ ግን በክረምታቸው ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም፤ በሰኔ ደግሞ 15 ሰዓት ተኩል ያህል ይደርሳል። እንደ አገራችን አዳማ ቀይና ቦምቤ ቀይ፣ እንደ ቴክሳሶቹም ያሉት የአጭር ቀን ዝርያዎች ከ10 እስከ 12 ሰዓት ብርሃን ሲያገኙ ይቋጥራሉ። እኔ ሚያዝያ ላይ ስተክላቸው ቀኑ ወደ 14 ሰዓት ተጠግቶ ስለነበር፣ ገና ሳያድጉ «ጊዜው ደርሷል» ብለው ቋጠሩ። የሰሜኑ የረጅም ቀን ዝርያ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ይህን ወደ መቂ ብልከው ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ የእማዬ ዘር በጊዜው ቢዘራም ኖሮ እዚህ ብይ ከመሆን አያልፍም ነበር። ቢሆንም መዝራት ነበረብኝ።

ሌላም ነገር አለ። እያንዳንዱ የሽንኩርት ቅጠል ከታች አንድ ንጣፍ ይሆናል። ሰኔ ላይ ረጅሙ ቀን ሲመጣ አራት ቅጠል ያለው ተክል ትንሽ ራስ፣ አሥር ቅጠል ያለው ትልቅ ራስ ይቋጥራል። ስለዚህ ጨዋታው ሁሉ ረጅሙ ቀን ከመድረሱ በፊት ቅጠል ማብዛት ነው። አባቶቻችን «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀምበር ሳለ ሩጥ» ያሉት ለሽንኩርትም ይሠራል። በሰሜኑ አገር ለመሮጥ ደግሞ በረዶ ሳይቀልጥ ቤት ውስጥ ችግኝ ማፍላት ግድ ነው።

አሁን የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ዘሩን በየዓመቱ አዲስ እገዛለሁ። የረጅም ቀን መሆኑን አረጋግጣለሁ፤ ለቀዩ ሬድ ዊንግ፣ ለቢጫው ፓተርሰን የሚባለው ክረምቱን ሳይበላሽ ይቆያል። ወደ ውጭ ከመትከሌ ከ8 እስከ 10 ሳምንት በፊት፣ ማለትም በየካቲት አጋማሽ፣ ሥሩ ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ የችግኝ አፈር ሞልቼ ዘሩን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር አለብሰዋለሁ። አፈሩ እንዳይደርቅም እንዳይጨቀይም እጠብቃለሁ። ክፍሉ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ከሆነ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወገቡን አጥፎ ብቅ ይላል።

የዚህ አገር የክረምት መስኮት አይበቃውም፤ ችግኙ ቀጥኖ ይወድቃል። ስለዚህ ርካሽ የሆነውን ረጅም የቱቦ መብራት ከቅጠሉ በላይ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር አድርጌ እሰቅላለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ይበራል። 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ፤ ልክ እንደ አገር ቤት። ምድር ቤቴ ውስጥ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚሠራው ለሽንኩርቱ ብቻ ነው እያለች ባለቤቴ ትቀልዳለች።

ቅጠሉ ረዝሞ ሲተኛ በመቀስ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር እከረክመዋለሁ፤ የተከረከመው ለስላጣ ይሆናል። ከመትከሌ በፊት ለአንድ ሳምንት ወይም ለአሥር ቀን ያህል በየቀኑ እያወጣሁ ከነፋሱና ከፀሐዩ ጋር አለማምደዋለሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሁለት ሰዓት በጥላ፣ ከዚያ እየጨመርኩ። ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ በመስመሮቹ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ትቼ፣ ጥልቀቱን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር አድርጌ እተክላለሁ። ቀላል ውርጭ አይገድለውም። የሚገድለው አረም ነው፤ ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሆነ መሻማት አይችልም። ነሐሴ ላይ ግማሽ ያህሉ ቅጠል በራሱ ሲወድቅ ነቅዬ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር ሁለት ሦስት ሳምንት አደርቀዋለሁ። በትክክል ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል!

በሌላ አገር ያላችሁ የራሳችሁን ቀን ቁጠሩ። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በቴክሳስ ያላችሁ የአጭር ቀን ዝርያ በመስከረምና በጥቅምት ዝሩ። «ቴክሳስ 1015» የተባለው ሽንኩርት ስሙን ያገኘው እኮ ከመዝሪያ ቀኑ፣ ከኦክቶበር 15 ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ መካከለኛው ዝርያ ይሻላችኋል፤ ጥር ላይ ጀምሩ። በእንግሊዝ ደግሞ ትልልቅ ሽንኩርት የሚያሳድጉ ሰዎች በልማድ የሚዘሩት በገናቸው ማግስት ነው።

ባለፈው እንቁጣጣሽ በራሳችን ሽንኩርት ዶሮ ወጥ ሠራን። ቁሌቱ ውኃ ሳያቋጥር ሲቁላላ በቪዲዮ ለእናቴ አሳየኋት። ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየች።

«ሽንኩርቱስ መልካም ነው፤ አከታተፉ ግን ወፍራም ነው» አለች።

አገሬ መግባቱን አልተውኩትም። ሻንጣውም ከቁም ሳጥኑ ላይ አለ። የምገባበት ቀን ድንገት በሐምሌ ቢመጣ፣ ሽንኩርቱን ጎረቤቴ ይነቅለዋል፤ ተነጋግረን ጨርሰናል። ዘንድሮ ግን እዘራለሁ።

የሳምንት ሰው ይበለን። ሰላም ሰንብቱ።