ቂጡ ከፍ ያለ ጣሳ

በውጭ አገር አሮጌ ጣሳ የሚሰበስቡ ሰዎች አሉ። ዝገቱን ያጸዳሉ፣ የተበላሸውን ክዳን ከጠርዙ ፈልቅቀው ሌላ ይገጥሙለታል። መተካቱን ደብቆ የሸጠ ግን አጭበርባሪ ይባላል። እዚያ የሚጎዳው ገንዘብ የተረፈው ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን ጣሳ መስፈሪያ ነው!

ጎንደርም ሆነ ደባርቅ የገበያ ቀን ውጡና እዩ። ሽንብራው፣ ተልባው፣ በርበሬው በጣሳ ይሰፈራል። የወተት ዱቄት ጣሳ ክዳኑ በማንኪያ እጀታ ይፈነቀላል፤ ታቹ ግን ከገላው ጋር ተጣጥፎ የታሰረ ስለሆነ ካልተቆረጠ አይለቅም። ተቆርጦ፣ አዲስ ቂጥ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ሲበየድ ከላይ ማን ያውቃል? (አንዳንዱማ ለብየዳ እንኳ አይከፍልም፤ በመዶሻ ደብድቦ ያጎብጠዋል።) ቁመቱ 14 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣሳ ቂጡ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ሰባት ጣሳ የገዛች እናት አንዱን ተነጠቀች።

ቀጥቃጩን አልወቅስም። ከዚሁ ቆርቆሮ ኩራዝ ሠርቶ ስንቱን ተማሪ ያስጠና ሰው ነው። የምወቅሰው አዛዡን ነው፤ አይቶ ዝም የሚለውን ተቆጣጣሪም ጨምሬ። «በሰፈሩበት ቁና መሰፈር አይቀርም» ትሉኝ ይሆናል። ተረትና ምሳሌ ለዓመታት አስተምሬያለሁ፤ አንድም ቀን መስፈሪያ ሲያስተካክል አላየሁም። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በ2006 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህስ ስንት ጣሳ ተገልብጦ ታየ?

ምርመራው እኮ የዚያው ዓይነት ያልተነካ ጣሳ ይዞ ገበያውን መዞር ብቻ ነው። በእሱ የሞላው ሽንብራ በነጋዴው ጣሳ ላይ ተርፎ ከፈሰሰ፣ ጣሳውን እዚያው በእግር መጨፍለቅ።