ሞተው የሚጠቅሙ ረቂቅ ተሕዋስያን

እናቶቻችን ካለፈው ቡኮ ያስቀሩትን እርሾ ከአዲሱ ሊጥ ጋር ሲያዋህዱ ቁጥር ስፍር የሌላቸውን ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራ ያስጀምራሉ። ሁለት ሦስት ቀን የቦካው ሊጥ በጋለው ምጣድ ላይ ሲዞር ግን እነዚያ ትጉህ ሠራተኞች በግለቱ ያልቃሉ። ለገበታ የሚቀርበው እንጀራ የሥራቸውን ውጤትና የአካላቸውን ቅሪት እንጂ እነርሱን በሕይወት አልያዘም። እርጎ በአንጻሩ ሳይፈላ ስለሚጠጣ ባክቴሪያዎቹ ነፍሳቸው ሳይወጣ ወደ ሆዳችን ይወርዳሉ። ለመሆኑ ለጤናችን የሚበጁት በሕይወት ያሉት ብቻ ናቸውን?

ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ሲሰጥ የኖረው መልስ «አዎን» ወደሚለው ያጋደለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሳይንቲስቶች አንዱ የሆነው ኤሊ ሜችኒኮፍ እርጎ ውስጥ የሚገኙ ባክቴሪያዎች እርጅናን ሊያዘገዩ እንደሚችሉ ካስተማረ ወዲህ የተመራማሪዎች ዓይን በሕያዋኑ ላይ አተኮረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትና የዓለም የጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች ፕሮባዮቲክን ሲተረጉሙም በበቂ መጠን ሲወሰዱ ጤናን የሚጠቅሙ ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው አሉ። የሞቱት በዚህ ትርጉም ከደጅ ቀሩ። ሃያ ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም አቀፉ የፕሮባዮቲክና የፕሪባዮቲክ ሳይንሳዊ ማኅበር ያሰባሰባቸው ምሁራን ለእነዚህም ትርጉም አበጁላቸው። ፖስትባዮቲክ ማለት ሕይወት ከሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ወይም ከአካላቸው ክፍሎች የተዘጋጀና ለተጠቃሚው የጤና ጥቅም የሚሰጥ ነገር ነው።

የሞተ ባክቴሪያ እንዴት ሊጠቅም ይችላል? ነገሩ ለባዮሎጂ ተማሪ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጆናስ ሳልክ የሠራውና እ.ኤ.አ. በ1955 አገልግሎት ላይ የዋለው የፖሊዮ ክትባት የተዘጋጀው ከተገደለ ቫይረስ ነበር። ሰውነታችን ያንን ቫይረስ የሚያውቀው በላዩ ባሉት ፕሮቲኖች ነው። የአንጀታችን ሕዋሳትም እንዲሁ የባክቴሪያን የግድግዳ ቁርጥራጭና የገጽ ፕሮቲን ለይተው ምላሽ ይሰጣሉ። መልእክቱ የተጻፈው በአካሉ ላይ ከሆነ ባለቤቱ ቢሞትም ይነበባል።

ማስረጃም አልጠፋም። አከርማንሲያ ሙሲኒፊላ የተባለችው የአንጀት ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ በታተመ ጥናት በቤልጅየም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ባላቸው 32 በጎ ፈቃደኞች ላይ ለሦስት ወራት ተሞክራ ነበር። በሙቀት የተገደለችውን የወሰዱት ሰዎች ባዶ ማስመሰያ ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ተሻሽሎ፣ የደማቸው ኮሌስትሮልም ቀንሶ ተገኝቷል። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት በመሆኑ ነገሩ አበቃለት አንልም፤ ነገር ግን ሞት ባክቴሪያዋን ከንቱ እንዳላደረጋት ያሳያል።

የደኅንነት ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሕያው ባክቴሪያ ያለበት ምርት የተሰጠው አንድ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን፣ ያው ባክቴሪያ በደሙ ተሰራጭቶ መሞቱን ገልጾ ሐኪሞችን አስጠንቅቋል። የሞተ ባክቴሪያ በደም ውስጥ ሊራባ አይችልም። በተጨማሪም አንቲባዮቲክ አይገድለውም፤ ማቀዝቀዣ ባይኖርም እንደ ሕያው ባክቴሪያ በየቀኑ ቁጥሩ እየመነመነ አይሄድም። መብራት በሚቆራረጥበትና ጤና ጣቢያው ከመንገድ በራቀበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ስንል ሕያዋኑ ይጣሉ ማለታችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ በታተመው የሕንድ ገጠር ጥናት ከ4,500 በላይ አራስ ሕፃናት ተሳትፈው፣ ሕያው ላክቶባሲለስ ከምግቡ ጋር የተሰጣቸው ሕፃናት በደም መመረዝ የመያዝና የመሞት ዕድላቸው በ40 በመቶ ያህል ቀንሷል። እንዲህ ያለውን ውጤት የሚያቃልል ሰው ሳይንስን አያውቅም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ያው ባክቴሪያ ተገድሎ ቢሰጥስ ኖሮ? በእኛ እምነት ከእንግዲህ ፕሮባዮቲክን የሚፈትን ጥናት ሁሉ ከሕያዋኑና ከማስመሰያው ጎን የተገደሉትን የሚወስድ ሦስተኛ ቡድን ሊኖረው ይገባል። አለዚያ የጠቀመው ሕይወቱ ይሁን አካሉ ሳንለይ ውድ የሆነውን የማቀዝቀዣ ወጪ ለድኻው እናሸክማለን።

«እንግዲያው እንጀራችን ፖስትባዮቲክ ነው» ብሎ ለመፎከር የሚቸኩል አይጠፋም። አንቸኩል። ስሙ የሚገባው የትኛው ተሕዋስ እንደሆነ ለታወቀ፣ በምን መንገድ እንደተገደለ ለተገለጸና ጥቅሙ በሰው ላይ ተለክቶ ለተረጋገጠ ዝግጅት ብቻ ነው። ያለዚህ ማስረጃ ስሙን በማሸጊያ ላይ የሚለጥፍ ነጋዴ ቢመጣም ማስረጃውን እንጠይቀው።

ለተማሪዎቻችን ግን ሰፊ ሜዳ ተከፍቷል። በእርሾው፣ በእርጎውና በቆጮው ውስጥ የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ለይቶ ማሳደግ፣ በተወሰነ ሙቀት መግደል፣ ሕያውና ሙት ሆነው በአንጀት ሕዋሳት ላይ የሚያሳዩትን ለውጥ ጎን ለጎን መመዝገብ ይቻላል። ጥናቱ በሰው ላይ ከመድረሱ በፊት ረጅም መንገድ አለው። የመጀመሪያው እርምጃ ግን ከየቤታችን ጓዳ በሚመጣ አንድ ጭልፋ እርሾ ሊጀመር ይችላል።