ቤት ሲቃጠል ከአናጢው በፊት ማን ይጠራ?

በእኛ አገር ቤት ሲቃጠል ሰው አይጠፋም። መካነ ሰላምም ይሁን ወግዲ፣ ለጋምቦም ይሁን ከላላ፣ የእሳት ጩኸት ከተሰማ ጎረቤት ባልዲና አካፋ ይዞ ይወጣል። በማግስቱ ዕድሩ ይሰበሰባል፣ መዋጮ ይጀመራል። አንዱ ቆርቆሮ ያመጣል፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ያስቆርጣል። ብዙም ሳይቆይ ደቦ ተጠርቶ ጭቃ ይቦካል።

ይህ የሚያኮራ ባህል ነው። ግን አንድ ሰው ይጎድለዋል። ከእሳቱ የተረፈው ግድግዳ አዲስ ጣሪያ መሸከም ይችል እንደሆነ የሚመረምር ሰው አይጠራም።

ሐሳቤ አጭር ነው። ከቃጠሎ ወይም ከጎርፍ በኋላ የመጀመሪያው ገንዘብ መውጣት ያለበት ለሚሠራው ሳይሆን ለሚመረምረው ነው። መርማሪውና ሠሪው ደግሞ አንድ ሰው መሆን የለባቸውም። ሥራውን የሚወስደው ሰው «ሁሉም ይፍረስ» ሲል ትልቅ ሥራ ያገኛል፤ «ምንም አልሆነም» ሲል ደግሞ ቀብዱን ዛሬውኑ ይቀበላል። በሁለቱም መንገድ ተጠቃሚ የሆነ ሰው ዳኛ አይሆንም።

«ግድግዳው ቆሞ እያየነው ምን ምርመራ ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ያለው በዐይን በማይታየው ላይ ነው። ኮንክሪት ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል ብዙ ጊዜ መልኩ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ቢቀዘቅዝም የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ 419 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ እሳት የበላው ቆርቆሮ ጥላሸቱ ታጥቦ ቢመለስም ዕድሜው አጭር ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ ቀልጦ በግድግዳ ውስጥ ከቀረ፣ ቤቱን ያቃጠለው እሳት ዳግም መነሻ አገኘ ማለት ነው።

ውሃ ደግሞ እያሳሳቀ ይወስዳል። ክረምቱ የጠጣው የጭቃ ግድግዳ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ባለቤቱ «ይጠንክር» ብሎ በሲሚንቶ ሲያስለስነው እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ቋሚውና ማገሩ ከውስጥ ይበሰብሳሉ። በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ቤትም ሆዱ ተነፍቶ ከታየ፣ ልስን ሳይሆን ድጋፍ ነው የሚፈልገው፤ ሰውም ከሥሩ መራቅ አለበት።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል አገር ሁሉ ያወራው ስለ እሳት አደጋ መኪናና ስለ መንገዱ ጥበት ነበር። ተገቢ ወሬ ነው። ግን የእሳቱ ወሬ ሲበርድ የሚጀመረው ሥራ፣ ማለትም የቱ ይፍረስ፣ የቱ ይቁም የሚለው ውሳኔ፣ ያን ያህል ጆሮ አያገኝም። አዲስ አበባ ላይ 939 ተደውሎ እሳት አደጋ ይመጣል። ገጠር ከተማ ላይ ግን ከእሳቱ በፊትም ሆነ በኋላ ያለው ጎረቤት ነው።

ጠንካራው ተቃውሞ የገንዘብና የርቀት ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ለመሐንዲስ የሚከፍለው ከየት ያመጣል? ደሴ ሩቅ ነው፤ ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ባለበት ግጭት ምክንያት መንገዱም ሁልጊዜ አይታመንም። እውነት ነው። ስለዚህ ነው ጉዳዩ የአንድ ሰው ሳይሆን የዕድር መሆን ያለበት። የአንድ ቀን የምርመራ ክፍያ ለተጎጂው ከባድ ነው፤ ለአንድ መቶ አባወራ ግን ቀላል ነው። በቅድሚያም ማዘጋጃ ቤቱ ባለሙያ እንዲልክ በደብዳቤ ይጠየቅ። በመካነ ሰላም ካምፓስ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ለማኅበረሰቡ ሙያዊ እገዛ እንዲያደርግ ቢጠየቅ ነውር የለውም።

ባለሙያ ሲመረጥ እነዚህ አይዘለሉ፦

👉 የሙያ ፈቃዱንና ከዚህ በፊት የጠገነውን ቤት ይጠየቅ። ቤቱም ሄዶ ይታይ፣ ባለቤቱም ይጠየቅ።
👉 ኤሌክትሪኩ በኤሌክትሪክ ባለሙያ ሳይፈተሽ መብራት አይቀጠል።
👉 ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው ሥራው ባለቀ መጠን ይከፈል። ሙሉ ቀብድ የሚጠይቅ ይለፍ።
👉 የእሳት መድን ያለው ሰው፣ በተለይ ቤቱን አስይዞ ከባንክ የተበደረ፣ ፍርስራሹን ሳያነሳ ፎቶ አንስቶ ለመድን ድርጅቱ ያሳውቅ።

ሕጉም ከእኛ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ይህን መብት ግን ያለ ጽሑፍ ውል ፍርድ ቤት ይዞ መቅረብ ከባድ ነው። በቃል ተስማምቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ገንዘብ ቆጥሮ የሰጠ ሰው ጣሪያው ሲያፈስ ማንን ይከሳል?

ቤቱ የጠፋበት ሰው ይቸኩላል፤ ልጆቹ ደጅ ናቸው፣ ክረምትም አይጠብቅም። ለዚህ ነው ውሳኔው አስቀድሞ፣ ሰላም በሆነበት ቀን መወሰን ያለበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ዕድራችሁ አንድ አንቀጽ መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ይጨምር፦ ለቤት ጉዳት ከሚሰበሰበው መዋጮ መጀመሪያ የሚወጣው የምርመራ ክፍያ ነው፤ መርማሪው ባይ «ይቆማል» ሳይል ደቦ አይጠራም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። የወደቀ ግድግዳ ግን ከሥሩ ያለውን ሰው አይመልስም።