ላባው ነጭ ነው፤ ቆዳዋስ?

እስቲ ዛሬ ስለ አንዲት የራስ ጌጥ እንጨቃጨቅ። «ስዋን ሌክ» የተባለውን ባሌት ያየ ሁሉ ያውቃታል፤ ጆሮን ሸፈን አድርጋ ፀጉር ላይ የምትያዘዋን ነጭ ላባ። ኦዴት በድግምት ወፍ የሆነች ልጅ መሆኗን የምትነግረን እሷ ናት። ከኋላ የሚሰለፉት ደናሾችም ያችኑ ያደርጋሉ። አንዷ ረዘም፣ ሌላዋ ጠየም ብትል እንኳ ከሩቅ አንድ የወፍ መንጋ ይመስላሉ። የጌጧ ሥራ ይኸው ነው።

ታዲያ ዱቄቱ እዚህ ምን ቤት ነው? ክሎዬ ሎፔስ ጎሜስ የተባለች ጥቁር ደናሽ በ2020 እ.ኤ.አ. በአደባባይ እንደተናገረችው፣ በርሊን ውስጥ ለዚሁ ትርዒት ቆዳዋን በነጭ ሜካፕ እንድታነጣ ታዝዛለች። «ወግ ነው፤ ሁሉም አንድ መምሰል አለበት» ለሚሉን መልሳችን አጭር ነው፦ ላባውን ታዲያ ለምን ሰፋችሁት? ሰው ወፍ ሆነ ሲባል አምኖ የተቀመጠ ተመልካች ጠይም ወፍ ሲያይ ነው የሚደነግጠው? ሚስቲ ኮፕላንድ በ2015 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ኦዴትን ሆና ስትደንስ ሐይቁ አልደረቀም።

ላባውን ለራስ፣ ቆዳውን ለባለቤቱ ተዉት!