ከመርጨት በፊት መቁጠር

ክሽክሽ በገብስ፣ በስንዴ ወይም በጎመን ማሳ ላይ ሲታይ የአርሶ አደሩ የመጀመሪያ ጥያቄ መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ ነው። ጥያቄው የሚያስወቅስ አይደለም። ክሽክሽ ያለ ወንድ የሚራባና ልጁን በሕይወት የሚወልድ ተባይ በመሆኑ፣ ደረቅና ሞቃት የአየር ጠባይ ሲያገኝ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ማሳውን ያዳርሳል። የሰብሉን ፈሳሽ ከመምጠጥ አልፎ የቫይረስ በሽታም ያስተላልፋል። የዓመት ቀለቡን ከአንድ ማሳ የሚጠብቅ ቤተሰብ ይህን እያየ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይችልም።

ይሁንና በዚያው ማሳ ውስጥ ደመወዝ የማይከፈለው ሌላ ሠራተኛ አለ። ይህም ርዝመቷ ከሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር የማያልፍ፣ ሰውን የማትናደፍ ጥገኛ ተርብ ናት። ተርቧ እንቁላሏን በክሽክሹ ገላ ውስጥ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው እጭም ክሽክሹን ከውስጥ ይበላዋል። ክሽክሹ ያብጥና ይደርቃል፤ የገለባ ወይም የነሐስ ቀለም ያለው ክብ ቅርፊት ሆኖ ቅጠሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከቀናት በኋላ አዲሷ ተርብ ክብ ቀዳዳ አበጅታ ትወጣለች። ዲያሬቲኤላ ራፔ የተባለችው ዝርያ የጎመን ክሽክሽንም፣ ገብስና ስንዴን የሚያጠቃውን የሩሲያ ስንዴ ክሽክሽንም ታጠቃለች። የኋለኛው ቅጠል ጠቅልሎ ስለሚደበቅ ርጭት በቀላሉ አያገኘውም፤ ደቃቋ ተርብ ግን ወደ ተጠቀለለው ቅጠል ትገባለች።

ዋናው ቁም ነገር ተርቧ መኖሯ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እየሠራች እንደሆነ ማወቁ ነው። በተለመደው አሰሳ የሚታየው ክሽክሹ ነው፤ በሪፖርት የሚቀርበውም ምን ያህል ሄክታር እንደተወረረና እንደተረጨ ነው። ተፈጥሮ ራሷ የተከላከለችው መጠን ስለማይመዘገብ እንደሌለ ይቆጠራል።

መለኪያው የረቀቀ መሣሪያ አይጠይቅም። ባለሙያው ማሳውን አቋርጦ እየሄደ ከተለያዩ ቦታዎች ተክሎችን ይመርጣል፤ በሕይወት ያሉትን ክሽክሾችና ገና ያልተቀደዱትን ቅርፊቶች ለየብቻ ይቆጥራል። ለምሳሌ ከ200 ክሽክሽ ውስጥ 30ው ቅርፊት ቢሆን 15 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር ግን ከእውነታው ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ጤነኛ መስለው የሚንቀሳቀሱት ክሽክሾች እጩን በሆዳቸው ይዘው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሕይወት ካሉት 50ውን ከትኩስ ቅጠል ጋር አየር በሚያስገባ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ አሥር ቀን ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ 20ው ቅርፊት ቢሆኑ፣ በማሳው በሕይወት ከነበሩት 170 ክሽክሾች ውስጥ 68 ያህሉ አስቀድመው የተያዙ ነበሩ ማለት ነው። 30ው ቅርፊት ሲደመር 98 ይሆናል። በዓይን 15 በመቶ የመሰለው ሥራ ወደ 49 በመቶ ይጠጋል።

ቆጠራው ጥንቃቄም ይፈልጋል። ቀዳዳ ያላቸው ባዶ ቅርፊቶች ቅጠል ላይ ስለሚቆዩ ከአዲሶቹ ጋር ከተደመሩ ውጤቱን ያጋንናሉ። ጠርዙ የተቆራረጠ ቀዳዳ ደግሞ ጠቃሚዋን ተርብ ራሷን የሚያጠቃ ሌላ ተርብ መኖሩን ሊጠቁም ይችላል። አንድ ቀን ብቻ ተቆጥሮ የሚወሰን ነገርም የለም፤ በሳምንቱ ተመልሶ ማየት ይገባል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ይህ ድካም እንደሚክስ ያሳያል። በጀርመን የስንዴ ማሳዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት፣ በራሪ አዳኞችና ጥገኛ ተርቦች እንዳይገቡ በተደረገበት ቦታ የክሽክሹ ብዛት በ70 በመቶ ጨምሯል። መሬት ለመሬት የሚሄዱት አዳኞችም አብረው ሲከለከሉ ጭማሪው 172 በመቶ ደርሷል። በአሜሪካ ኦክላሆማ ደግሞ ለስንዴ አምራቾች የተዘጋጀው የአሰሳ ዘዴ ክሽክሽ ያለባቸውን ብቻ ሳይሆን ቅርፊት የታየባቸውንም የስንዴ አገዳዎች ያስቆጥራል። ተርቧ ሥራዋን እየሠራች ከሆነ ገበሬው ርጭቱን ይተወዋል።

ይህ ሲባል ኬሚካል ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ተርቦቹ ዘግይተው ከመጡ ወይም ቁጥራቸው ካነሰ ክሽክሹ ቀድሞ ጉዳት ያደርሳል። በቫይረስ በሽታ ስጋት ላይ ባለ ሰብልም መጠበቅ ዋጋ ያስከፍላል። ነገር ግን "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እንደሚባለው፣ ሳይቆጠር የሚረጭ ኬሚካል ክሽክሹን ብቻ ሳይሆን ተርቧንም ይፈጃል። ጠላቱ የጠፋለት ክሽክሽ ከተረፉት ጥቂቶች ተነስቶ እንደገና ይበዛል፤ አርሶ አደሩም ለሁለተኛ ርጭት ገንዘብ ያወጣል። በአካባቢው ቀፎ ያለው ጎረቤትም ንቦቹን ያጣል።

ስለሆነም የግብርና ቢሮውና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በአሰሳ ቅጹ ላይ ለቅርፊትና ለጥገኛ ተርብ አንድ ዓምድ ሊጨምሩ ይገባል። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ቆጠራውን በአጭር ሥልጠና ሊለምዱት ይችላሉ። በአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላት ጥቂት ተክሎችን በደቃቅ መረብ ሸፍኖ፣ ሌሎቹን ክፍት ትቶ ልዩነቱን ማሳየት ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። የምርምር ማዕከላትም ለአካባቢው ሰብልና አየር ጠባይ የሚስማማውን የመርጫ ወሰን በማሳ ፈትነው ሊያቀርቡ ይገባል።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። ተርቧ የምትመገበው የአበባ ማር በመሆኑ በማሳ ዳር ድንብላልን የመሳሰሉ አበባ ሰጪ ተክሎችን ማኖር ይጠቅማታል። ከሁሉ በፊት ግን የመርጫውን ታንክ ከመሸከሙ አስቀድሞ ቅጠሉን ገልብጦ ቢያይ፣ ያ ክብ ቅርፊት ገንዘቡን ሊያተርፍለት ይችላል።